ሁለቴ የተሰበረው ስታድ፦ በኮምቦልቻና ደሴ መካከል የሚሠራ አንድ መኪና የኤግዞስት ማኒፎልድ ጥገና

መነሻ

ኤግዞስት ማኒፎልድ ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ሰብስቦ ወደ ማርሚታው የሚያስተላልፈው ክፍል ነው፤ ስታድ ደግሞ እሱን ከሞተሩ ጋር የሚያስረው ጭንቅላት የሌለው ብሎን። ስታድ መቀየር በየጋራዡ የሚሠራ ተራ ሥራ ነው። ይህኛው ሊመዘገብ የበቃው መኪናው ከመጀመሪያው ጥገና በኋላ በ19 ቀኑ ያንኑ ድምፅ ይዞ ስለተመለሰ ነው። ሁለተኛው ጥገና ሲጀመር የተጠየቀው ጥያቄም «የተሰበረው እንዴት ይውጣ» ብቻ አልነበረም፤ «ለምን ሁልጊዜ ከኋላ በኩል ይሰበራል» የሚልም ነበረበት። የባለንብረቱ፣ የሾፌሩና የሁለቱ ጋራዦች ስም አልተጠቀሰም።

መኪናውና መንገዱ

መኪናው ካቢናው ወደ ፊት የሚታጠፍ፣ ጃፓን ሠራሽ ቀላል የጭነት መኪና ነው። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ ሲሆን ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም። ቴስታታውም (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ማኒፎልዱም ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ናቸው። ማኒፎልዱ በ8 ስታድ ይታሰራል፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ሁለት። በዚህ ጽሑፍ ከሞተሩ ፊት ወደ ኋላ ከ1 እስከ 8 ተቆጥረዋል።

ሥራው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የግንባታ ዕቃ ማመላለስ ነው፤ በቀን ሁለት፣ ሲበዛ ሦስት ጊዜ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ የሐረጎን ዳገት ጭኖ ይወጣል፣ ባዶውን ይወርዳል። ሲወጣ በከባድ ማርሽ ነዳጁ እስከ ታች ተረግጦ ነው። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ሲቀንስ ፓምፑ የሚሰጠው ናፍጣ ግን ያው ነው። ጭሱ ይጠቁራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ሲወርድ ደግሞ እግር ከነዳጁ ይነሳል፣ ኤግዞስት ብሬኩ (የጭሱን መውጫ ዘግቶ መኪናውን የሚያዘገየው) ይዘጋል፣ ማኒፎልዱ ይቀዘቅዛል። በቀን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ ከሚሄድ መኪና ይልቅ ይህ መኪና ማኒፎልዱን ያሠቃያል።

ምክንያቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። አንድ ሜትር ጊዛ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 1.1 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ማኒፎልድ ከቴስታታው በ300 ዲግሪ የበለጠ ከጋለ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይበልጠዋል። መሃሉ ባለበት ሲቆይ እያንዳንዱ ጫፍ ወደ ውጭ 1 ሚሊ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። የጫፍ ስታዶች በየዳገቱ ወደ ጎን የሚገፉት በዚህ ነው። ዝገቱ ዳዶውን ከማኒፎልዱ ጋር አንድ ካደረገው መንሸራተት ይቀርና ስታዱ ይታጠፋል።

ችግሩ

ሾፌሩ የተናገረው ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ «ጢክ ጢክ» የሚል ድምፅ እንዳለ፣ ሲሞቅ እንደሚጠፋ፣ ዳገት ላይ ግን ጭስ ወደ ካቢና እንደሚገባ ነው። ድምፁ ሲሞቅ መጥፋቱ ብዙ ሰው ያታልላል፤ ቫልቭ ይመስላል። ማኒፎልዱ ሲረዝምና ሲያብጥ ክፍተቱን ለጊዜው ስለሚዘጋው ነው። በአራተኛው ሲሊንደር ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት በማራገቢያ ቅርጽ ተረጭቶ ነበር። እንዲህ ያለ ጥላሸት የሚያፈሰውን ቦታ በትክክል ያሳያል፤ ሞተሩ ከመታጠቡ በፊት መታየት አለበት።

የመጀመሪያው ጥገና

ስታድ 8 ተሰብሮ፣ ስታድ 1 ላልቶ ነበር። የመጀመሪያው ጋራዥ ሁለቱን ብቻ አውጥቶ ከገበያ በተገዛ ብሎን ተካቸው፤ የብሎኑ ጭንቅላት ተቆርጦ ስታድ ሆነ። ለ1፣ ለ2፣ ለ7 እና ለ8 አዲስ ዳዶ ከነሞላ ሮንዴላው ታሰረ። በሁለተኛው ጥገና ሲፈታ የተገኘው ይህ ነው፦

ብሎኑ ኤም 10 (ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር) ነው፤ የጥርሱ ርቀት ግን 1.5 ሚሊ ሜትር። ቴስታታው ላይ ያለው 1.25 ነው። በሱቅ በብዛት የሚገኘው ኤም 10 ባለ 1.5 ስለሆነ ይህ ስሕተት የተለመደ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥርሶች በጣት ይገባል፣ ከዚያ በቁልፍ ኃይል ይገባል፣ የጊዛውን ጥርስ እየላጠ ይሄዳል። የጠበቀ የመሰለው ለዚህ ነው።

ዳዶዎቹ ውስጣቸው ናይሎን ያላቸው ነበሩ። ናይሎኑ ከ120 ዲግሪ በላይ አያገለግልም፤ ከአራቱ በሦስቱ ውስጥ የቀረው ጥቁር ቅሪት ብቻ ነበር። ሞላ ሮንዴላዎቹ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ጫፍና ጫፋቸው እኩል ተኝቷል፤ ሙቀቱ ጥንካሬያቸውን ስለወሰደው መግፋት አቁመዋል። ሞላ ሮንዴላ ማኒፎልድ ላይ መግባቱ ጥቅም እንደሌለው ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

ሌላም ነገር ነበር። የገበያው ዳዶ ባለ 17 ቁልፍ ነው፤ የፋብሪካው ኤም 10 ዳዶ ባለ 14። ማኒፎልዱ ላይ ከቧንቧው ጎን ለ17 ቡሶላ ቦታ የለም። ስለዚህ በክፍት ቁልፍ፣ በግማሽ በግማሽ ዙር፣ በግምት ነበር የጠበቀው።

ሲፈታ የታየው

በ19 ቀን ውስጥ ስታድ 8 ከቴስታታው ፊት እኩል ተቆርጧል፤ ያልተነካው የድሮው ስታድ 7 አምስት ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ ተሰብሯል፤ ስታድ 1 በእጅ ይዞራል። ማርሚታው ከማኒፎልዱ ሲላቀቅ ደግሞ ቧንቧው ወዲያው ወደ ታች ወደቀ። ቧንቧውን ከካምቢዮው ጋር የሚይዘው ብረት የለም። ቦታው ላይ ሁለት ባዶ ቀዳዳዎች ብቻ ነበሩ። ባለንብረቱ ሲጠየቅ ፍሪሲዮን የተቀየረው ከአምስት ወር በፊት እንደሆነ ተናገረ፤ ያኔ ወርዶ ሳይመለስ የቀረ መሆን አለበት። የቧንቧውና የኤግዞስት ብሬኩ ክብደት በሙሉ በመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ እየተወዛወዘ የተንጠለጠለው በማኒፎልዱ የኋላ ጫፍ ላይ ነበር። «ለምን ከኋላ» ለሚለው ጥያቄ ከግማሽ በላይ መልሱ ይኸው ነው።

ስታዶቹን ማውጣት

ባትሪው ተነቀለ፤ በአካባቢው ያለው የናፍጣ ቱቦ ተፈትቶ ጫፉ ተደፈነ። እሳትና ብየዳ የሚጠቀም ሰው ይህን ሳያደርግ መጀመር የለበትም። ዳዶዎቹ በሽቦ ብሩሽ ተጠርገው ማታ በዝገት ማላቀቂያ ዘይት እንዲርሱ ተደረገ፤ ጠዋት ደግሞ ተደገመ።

ከ2 እስከ 6 ካሉት አምስቱ ሦስቱ በዚህ ብቻ ተፈቱ። ቁልፉ ወደ መፍታት ብቻ አልተጎተተም፤ ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ ትንሽ ወደ መፍታት እየተባለ ነው የተነቃነቀው። ስታድ 2 እና 6 እምቢ ሲሉ ዳዶው ብቻ በኦክሲጅን እሳት እስኪቀላ ተሞቀ። ቅላቱ ከጠፋ በኋላ ጧፍ ጥርሱ ላይ ተነካ፤ ሰሙ ቀልጦ ወደ ውስጥ ተሳበ፤ ሁለቱም ወጡ። ሻማም ያው ነው። ዳዶው ገና ቀይ ሳለ ከተነካ ሰሙ ተቃጥሎ ጢስ ይሆናል እንጂ አይገባም።

ስታድ 7 አምስት ሚሊ ሜትር ወጣ ስላለ ዳዶ ተበይዶበታል። መጀመሪያ ዳዶው በቀጥታ ተቀምጦ ሲበየድ ብየዳው የያዘው ዳዶውን ብቻ ሆኖ ተላቀቀ። ሁለተኛውም ተላቀቀ። በሦስተኛው መጀመሪያ ሮንዴላ ከስታዱ ጫፍ ጋር ተበየደ፣ ከዚያ ዳዶው ከሮንዴላው ጋር። ኤሌክትሮዱ 2.5 ሚሊ ሜትር ነበር፤ እሳቱ የተጀመረው ከስታዱ መሃል ነው። ለመንካት እስኪቻል ከቀዘቀዘ በኋላ ስታዱ በትንሽ ኃይል ዞሮ ወጣ። የብየዳው ጥቅም መያዣ መስጠቱ ብቻ አይደለም፤ ስታዱ ከውስጥ ግሎ ሲቀዘቅዝ ከዝገቱ ይላቀቃል። ትኩስ ሳለ መጠምዘዝ ግን ድጋሚ መስበር ነው።

ስታድ 8 ከባዱ ነበር። የማይገጥም ጥርስ ያለው ጠንካራ ብሎን በኃይል ስለገባ ብየዳ አልረዳውም፤ አንዴ ተሞክሮ ተተወ። ኤክስትራክተር (በተበሳ ብሎን ውስጥ ገብቶ ጠምዝዞ የሚያወጣ ብረት) እንዲገባበት ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ አልተደረገም። ኤክስትራክተር በጣም ጠንካራ ብረት ነው፤ ውስጥ ከተሰበረ በተራ ፑንታ አይበሳም፣ ያኔ ቴስታታ ማውረድ ይመጣል።

መብሳቱ ተመረጠ። ፑንታ ከጠንካራው ብሎን ይልቅ ለስላሳውን ጊዛ ስለሚመርጥ መሃሉን ሳይስት እንዲገባ መሪ ያስፈልገዋል። ማኒፎልዱን ራሱን መሪ ማድረግ የተለመደ ዘዴ ነው፤ እዚህ ግን ማኒፎልዱ አጥሮ የጫፍ ቀዳዳዎቹ ከስታዶቹ ጋር አይገጥሙም ነበር። ስለዚህ አዲሱ ጋስኬት አብነት ሆኖ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በቶርኖ ቤት ተበሳ፤ በስታድ 5 እና 6 ቀዳዳ ታሰረ። በስታድ 8 በኩል 3.2 ሚሊ ሜትር መሪ ቀዳዳ ነበረው። የሌሎቹ ቀዳዳዎች ጥልቀት በሽቦ ሲለካ 22 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ የላሜራው ውፍረት ተጨምሮ ፑንታው ላይ በፕላስተር ምልክት ተደረገ፤ ከዚያ በላይ እንዳይገባ። ከ3.2 በኋላ መሪው ወጥቶ 5፣ 6.5 እና 8 ሚሊ ሜትር ተከተሉ፤ በዝግታ ፍጥነት፣ ዘይት እየተጨመረ። የቀረው ቅርፊት በሹል ብረት ተለቅሞ ወጣ።

የቴስታታው ጥርስ እንደተጠበቀው ተበልቶ ነበር። ቀዳዳው በ10.3 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ ለኤም 10 ባለ 1.25 የሚሆን 15 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ሄሊኮይል (የተበላ ጥርስን የሚተካ የሽቦ ጥቅል) ገባበት። የሌሎቹ የሰባቱ ቀዳዳዎች ጥርስ ደግሞ በ1.25 ታፕ (ጥርስ ማውጫ) በእጅ ተጠርጓል። ለመጥረግ ብቻ ስለሆነ ታፑ ሲከብድ ወደ ኋላ ይመለሳል እንጂ አይገፋም።

ማኒፎልዱ

ቀጥ ያለ ብረት ተጋድሞበት በፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ) ሲለካ በኋላ ጫፉ 0.55 ሚሊ ሜትር ጎብጧል። እንዲህ የጎበጠን አዲስ ጋስኬት አይሸፍነውም፤ በዳዶ ጎትቶ ማቅናትም ስታድ መስበር ነው። ቶርኖ ቤት በፍሬዛ 0.6 ሚሊ ሜትር ተላጠ፤ አራቱም ወደብ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ አግዳሚ። የጫፍ አራቱ ቀዳዳዎች ከ11 ወደ 12.5 ሚሊ ሜትር ሰፉ። ከዚህ የበለጠ ማስፋት ሮንዴላው የሚያርፍበትን ያሳጣል።

ስታድ፣ ዳዶና ሮንዴላ መምረጥ

ስምንቱም እንዲቀየሩ ተወሰነ። ያልተሰበሩት መሃላቸው በዝገት ከ10 ወደ 8.7 ሚሊ ሜትር ቀጥኖ ነበር፤ ሥራው አንዴ ከተፈታ እነሱን መተው የሚያተርፈው ነገር የለም።

ስታድ። ከፌሮ በቶርኖ የተቆረጠ ስታድ በየቦታው ይሠራል፣ ርካሽም ነው፤ ለማኒፎልድ አይሆንም። ብረቱ ለስላሳ ነው፣ በመቁረጫ የወጣ ጥርስም ሥሩ ስለት ስለሚሆን ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራል። ብር የሚመስል ዚንክ የተቀባ ብሎንም ተትቷል፤ ዚንክ በ419 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የቀለጠውም ጠንካራ ብረት ውስጥ ገብቶ እንዲሰባበር ያደርገዋል። የማይዝግ ብረት ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ «አይዝግም» የሚለው ቃል ይማርካል። ነገር ግን ተራው የማይዝግ ብረት ሲሞቅ ከጊዛ በአንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ስለሚረዝም ዳገት ላይ ጥብቀቱ ይቀንሳል፤ ከራሱ ዓይነት ዳዶ ጋርም ጥርሱ ይነካከሳል። የተመረጠው ለዚሁ ሞተር የሚሸጥ፣ ክሮምና ሞሊብዲነም ያለበት፣ ጥቁር ስታድ ነው፤ ከደሴ መለዋወጫ ሱቅ የድሮው ናሙና ተወስዶ ተመሳክሮ ተገዛ። አራቱ ከመደበኛው በ20 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ ናቸው።

ለምን ረዘሙ? ኤም 10 ስታድ በ20 ኪሎ ኒውተን ሲወጠር በ20 ሚሊ ሜትር ርዝመት የሚለጠጠው 0.03 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጋስኬቱ ያን ያህል ከተቀመጠ ጥብቀቱ በሙሉ ጠፋ። ርዝመቱ 40 ሲሆን መለጠጡ እጥፍ ይሆናል፤ ጎን ለጎን ሲገፋም ረጅሙ ይታጠፋል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። በ1፣ 2፣ 7 እና 8 ላይ ከዳዶው በታች 20 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 18 ውጭ፣ 10.5 ውስጥ ያለው የብረት ቡሽ ገባ። ቡሹ በቶርኖ ሲሠራ ሁለቱ ፊቶች ትይዩ መሆናቸው ይታይ፤ ከተንጋደደ ስታዱን ገና ሲጠብቅ ያጎብጠዋል።

ዳዶ። የፋብሪካው ዓይነት ባለ 14፣ ጥርሱ ራሱ የተጨቆነ፣ መዳብ የተቀባ ዳዶ ተመረጠ። የሚይዘው ናይሎን ሳይኖረው በብረቱ ነው፤ አንዴ ከተፈታ ግን ተመልሶ አይገባም። የናስ ዳዶ ከስታድ ጋር በዝገት ስለማይያያዝ ጥሩ ነው፤ ሲግል ግን ይለሰልሳል። ስለዚህ ቴስታታ ላይ አልገባም፤ ማርሚታው ከማኒፎልዱ ጋር በሚታሰርባቸው ሦስት ቦታዎች ላይ ገባ፤ ያ መጋጠሚያ ፍሪሲዮን በተቀየረ ቁጥር ይፈታል።

ሮንዴላ። በሰፋው 12.5 ቀዳዳ ላይ ስስ ሮንዴላ ቢገባ ሲጠብቅ እንደ ሳህን ወደ ውስጥ ይጎብጣል። በቡሾቹ ሥር 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 22 ውጭ ያለው ጠንካራ ሮንዴላ ገባ። በመሃል አራቱ ዳዶው ራሱ ሰፊ መቀመጫ ስላለው ሮንዴላ አልተጨመረም።

መግጠምና ማጥበቅ

ስታዱ ወደ ቴስታታው የሚገባው በእጅ፣ በመጨረሻ ሁለት ዳዶ አጋጥሞ በቀስታ ነው። ከቀዳዳው መጨረሻ ጋር ተጨንቆ መጥበቅ የለበትም። ጊዛ ውስጥ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር መግባት አለበት፤ አሉሚኒየም ቴስታታ ቢሆን 20። የሙቀት ቅባት በዳዶው በኩል ባለው ጥርስ ላይ ብቻ ተቀባ። ጋስኬቱ የብረት ፊት ያለው ነው፤ ሲሊኮን አልተጨመረም።

የመመሪያው ልክ 34 ኒውተን ሜትር በደረቅ ጥርስ ነበር። ቅባት ሰበቃውን ስለሚቀንስ በዚያው ልክ ማጥበቅ ስታዱን ከልክ በላይ ይወጥራል፤ 28 ተወሰደ። በሦስት ዙር 10፣ 20፣ 28፤ ቅደም ተከተሉ 4፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 7፣ 1፣ 8። ከመሃል ወደ ጫፍ መሄዱ ማኒፎልዱ እንዲተኛ ነው። ማርሚታው የታሰረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የጠፋው መያዣ ከ5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ተሠርቶ መጀመሪያ በካምቢዮው በኩል ላላ ብሎ ገባ፣ ቧንቧው ራሱ ቦታውን ከያዘ በኋላ ጠበቀ። በግድ ተጎትቶ ቢታሰር ያው የቀድሞው ጭነት ይመለስ ነበር።

ያልተሳካውና የተስተካከለው

ስታድ 3 ላይ የቴስታታው በኩል ሳይታሰብ ቅባት ነክቶት ነበር። ራሱን የሚይዘው ዳዶ ሲጠብቅ ስታዱም አብሮ ዞሮ ወደ ውስጥ ገባ፤ ቶርክ ሬንቹ (ጥብቀት የሚለካው ቁልፍ) ግን 28 አሳይቷል። የታወቀው የስታዱ ጫፍ ከጎረቤቶቹ በሁለት ጥርስ ስላጠረ ነው። ወጥቶ፣ በቤንዚን ታጥቦ፣ በአዲስ ዳዶ ተመለሰ። ከማጥበቅ በኋላ የሁሉም ጫፍ ርዝመት በዓይን ቢነጻጸር እንዲህ ያለው ወዲያው ይታያል።

ፍተሻው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነበር፦ የማርሚታው ጫፍ ለአፍታ በወፍራም ጨርቅ ታፍኖ የሳሙና ውሃ በመጋጠሚያው ላይ ተረጨ። አረፋ አልወጣም። ኮምቦልቻ ደሴ ደርሶ መልስ ከተደረገ በኋላ ሌሊቱን አድሮ ዳዶዎቹ ተሞከሩ፤ መሃሎቹ አልነቀነቁም፣ 1 እና 8 አንድ ስምንተኛ ዙር ያህል ወሰዱ። ማኒፎልድ ትኩስ ሳለ አይጠበቅም። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ በተደገመው ሙከራ አንዱም አልዞረም።

ለሌላ መኪና የሚጠቅመው

ዘይት ከመርጨት በፊት የማርሚታውን መያዣና መንጠልጠያ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የጫፍ ስታድ ተሰብሮ የመሃሉ ደህና ከሆነ ማኒፎልዱ ጎብጧል ወይም አጥሯል ብሎ መገመት ይቻላል፤ ሳይለካ ስታድ መተካት ለአዲሱ ስታድ ያንኑ ዕጣ ማቆየት ነው። ቶዮታም ይሁን አይሱዙ ኤም 10 ስታድ በጃፓን መኪና ላይ ብዙውን ጊዜ ባለ 1.25 ጥርስ ነው፤ ሱቅ ሲኬድ የወጣ ናሙና ይዞ መሄድና አዲሱን ዳዶ እስከ መጨረሻው በጣት አዙሮ መሞከር ይበቃል። በጣት የማይገባ በቁልፍ አይገፋ። አሉሚኒየም ቴስታታ ባለው መኪና ግን እዚህ የተጠቀሰው እሳት እንዳለ አይሠራም፤ አሉሚኒየም ሳይቀላ ስለሚቀልጥ ዓይን አያስጠነቅቅም። አንዳንድ ሞተር ላይ የስታዱ ቀዳዳ እስከ ማቀዝቀዣው ውሃ ይዘልቃል፤ ሲወጣ ውሃ ከመጣ ማሸጊያ ያስፈልገዋል።

አሁን ያለበት

መኪናው ክረምቱን ሙሉ ሠርቷል፤ ጠዋት ድምፅ የለውም፣ በአራተኛው ሲሊንደር በኩል ጥላሸት አልታየም። ማኒፎልዱ ሲላጥ በሦስተኛውና በአራተኛው ወደብ መካከል 14 ሚሊ ሜትር የምትሆን ስንጥቅ ታይታ ነበር፤ ወደ ውስጥ አልዘለቀችም፣ አዲስ ማኒፎልድም በዚያ ሰሞን በሱቅ አልተገኘም። ጫፎቿ በነጥብ ተመትተው ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ትለካለች። በመጨረሻው ልኬት 15 ነበረች።